በሰሊጡ ላይ የተጸለየው ጸሎት

አለምሰገድ ያን ቀን መተማ ዮሐንስ የቀረው በመኪና እጦት ነው። ኮኪት የሚያስተምር የጂኦግራፊ መምህር ነው፤ ለዘመድ ጉዳይ መጥቶ ሊመለስ ሲል «መንገዱ እስኪጣራ ማንም አይንቀሳቀስም» ተባለና አይሱዙዎቹ ተሰልፈው ቆሙ። ሙቀቱ እንደሆነ የቆላ ሙቀት ነው፣ ጥላ ላጣ ሰው ምሕረት አያውቅም። ወደ ድንበሩ ድልድይ ጠጋ ብላ ከቆመች አንዲት የሻይ ዳስ ገባና ተቀመጠ። ወሬ ይወዳል፤ መኪና ቢጠፋ እንኳ ሰው እስካለ ድረስ ቀኑ በከንቱ እንደማያልፍ ያምናል።

ሻዩን ገና አንዴ ፉት እንዳለ አንድ ሽማግሌ መጥተው ፊቱ ቆሙ። ነጠላቸውን አንገታቸው ላይ ጠምጥመዋል፣ በእጃቸው የዘበኛ ዱላ ይዘዋል።

«ልጄ፣ ከማዶ ነህ?» አሉት።

«ከየት ማዶ፣ አባቴ?»

«ከሱዳን ነዋ! ከገላባት በለው፣ ከገዳሪፍ በለው፣ ከየትም።»

«ኧረ እኔ የኮኪት ሰው ነኝ። አስተማሪ ነኝ።»

የሽማግሌው ፊት ጥላ አጠላበት። ሊሄዱ ዞር ካሉ በኋላ ግን «ኮኪት?» ብለው ተመለሱና አጠገቡ ቁጭ አሉ። «እንግዲያማ የኢሳን ሱቅ ታውቀዋለህ። ከወፍጮ ቤቱ አለፍ ብሎ ያለውን።»

«የመጂዳን ሱቅ ማለትዎ ነው?»

«እሱን ነው» አሉ። «ድሮ የኢሳ ሱቅ ነበር የሚባለው።»

ሻይ የምትቀዳው ሴት ቀና ብላ አየቻቸው። «አባዬ፣ እንግዳውን ሻዩን እንኳ አስጨርሰው እንጂ» አለች።

አለምሰገድ መጂዳን ያውቃታል፤ ሳሙናውን የሚገዛው ከሷ ነው። ባሏ ኢሳ ወደ ሱዳን ሄዶ መቅረቱንም ሰምቷል፣ ኮኪት ይህን ያልሰማ የለም። ሰሞኑን ደግሞ ወንድሞቿ «የጠፋ ሰው ሁለት ክረምት ከተጠበቀ ይበቃል፤ በሌለበት ይሰገድበትና ለቅሶ እንቀመጥ» ብለው መጪውን ጁምዓ ቆርጠውባታል። መጂዳ አንድ መልስ ብቻ ነበራት። «ከድልድዩ ቃል ሳይመጣልኝ እኔ ነጠላዬን አላዘቀዝቅም።» አለምሰገድ ይህን ሲሰማ «ድልድዩ» የምትለው ምን እንደሆነ አልገባውም ነበር። አሁን ገባው። ድልድዩ እኚህ ሰው ናቸው።

«ጋሽ ደሞዝ የሚሉት እርስዎ ነዎት?» አላቸው፤ ኮኪት ላይ ከኢሳ ስም ጋር ሲነሳ የሰማው ስም ነው።

«እኔ ነኝ። መጂዳ ደኅና ናት? ወንድሞቿስ አሁንም ይጎተጉቷታል?»

«ጁምዓን ቆርጠዋል፣ ጋሼ።»

ሽማግሌው ዱላቸውን መሬት ላይ አስተኙና ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። ከዚያ ወሬው መጣ። አንዳንዱን እሳቸው ነገሩት፣ አንዳንዱን ልጅቱ ሻይ እየቀዳች ጣል አደረገችለት።

ጋሽ ደሞዝ ደጋው ጎጃም ተወልደው የቄስ ትምህርት ቤት ያደጉ ናቸው። ዜማ ጀማምረዋል፣ ብራና ላይ መጻፍም ተምረዋል። አባታቸው ሲሞቱ ግን ትምህርቱ ተቋረጠና ከሰሊጥ አጫጆች ጋር ወደ ቆላ ወረዱ። «ለአንድ አጨዳ ብቻ» ብለው ነበር። ቆላ ግን እንዲህ ብሎ የወረደን ሰው ቶሎ አይለቅም። የእርሻ ጥበቃ ሆኑ፣ አገቡ፣ ሚስታቸው በወባ ሞተችባቸው። የቀረችላቸው አንዲት ልጃቸው ውቢት ነበረች፤ እሷም ከፍ ስትል እንደ ብዙው የአገሩ ልጅ ሥራ ፍለጋ ካርቱም ገባች። ጋሽ ደሞዝ የጎጃም አነጋገራቸውን ይዘው፣ ከጎጃም ግን ርቀው፣ ኮኪት ላይ ብቻቸውን ቀሩ።

ብቸኝነቱን ያቀለለላቸው ኢሳ ነው። ኢሳ የኮኪት ነጋዴ ነው፣ ዐረብኛውን ከገዳሪፍ ያመጣ፣ «አንተ ሰው» ለማለት «ያ ዞል» የሚል፣ ሳቂታ፣ ክርክር የሚወድ። በዕድሜ ቢያንሳቸውም አንቱ ማለቱን ከተወ ቆይቷል፤ «የኔታ» እያለ ይቀልድባቸዋል። እሳቸው ደግሞ መካን ሳያይ «ሐጂ» ይሉታል። ከሥራ መልስ ሱቁ ደጃፍ የጨው ጆንያ ላይ ቁጭ ይሉና ይጀመራል።

«አንተ የኔታ፣ መጽሐፋችሁን ማን ጻፈው?»

«መንፈስ ቅዱስ አጻፈው፣ ሰው ገለበጠው።»

«በቃ፣ ሰው ከገለበጠውማ አለቀ! ገልባጭ ቃል ይጥላል። አንተ ራስህ ብራና ስትገለብጥ ጥለህ አታውቅም?»

ጋሽ ደሞዝ መዋሸት አይሆንላቸውም። «ጥያለሁ። መምህሬ ግን አይተው በቢላ አስፋቁኝ፣ ጆሮዬንም ቆነጠጡኝ።»

«ባያዩህስ?»

«ሌላ መምህር ያየኛል። በኛ ቤት ጆሮ ቆንጣጭ ጠፍቶ አያውቅም!»

«የኛ ኪታብ የመጣው በልብ ተይዞ ነው፣ ያ ዞል። ልብ አይፋቅም።»

«ልብ ይረሳል እንጂ መች ይፋቃል! አንተ እስኪ የሚስትህን መልእክት ከወፍጮ ቤት እስከዚህ ሳትረሳ አምጥተህ ታውቃለህ?»

መጂዳ ከውስጥ ሆና ትስቃለች። «እውነቱን ነው ጋሽ ደሞዝ! ሽንኩርት ስለው ክብሪት ይዞ ይመጣል!»

አንድ ቀን ኢሳ አራቱን ወንጌላውያን አነሳ። «አራት ሰው አንድ ነገር አይቶ ለምን አራት ዓይነት ያወራል?» አለ። ጋሽ ደሞዝ ለዚህ መልስ ነበራቸው። «ቃል በቃል ቢገጥሙማ ኖሮ ‹ተማክረው መጡ› ትለኝ ነበር። ዳኛ እንኳ ቃሉ እንደ ውኃ ልክ የተስተካከለ ምስክር ይጠረጥራል።» ኢሳ ጢሙን ዳበሰና «ይህንን ለነገ አሳድረው» አለ። ተሸንፎ አያውቅም፣ ያሳድራል እንጂ።

ነገር የመጣው ስለ ጸሎት ሲከራከሩ ነው።

«ጸሎት ይሰማል ትላለህ» አለ ኢሳ። «እኔም ዱዓ ይሰማል እላለሁ። እኔም አንተም ስንለምን ከርመን ነገሩ ሲሆን ግን የማንን ሰምቶ ነው? ማስረጃህ ምንድን ነው?»

ያን ዓመት ሁለቱም ከኮኪት ወጣ ብሎ ሰሊጥ ዘርተው ነበር። ማሳቸውን የሚለየው አንድ ደረቅ ወንዝ ብቻ ነው። ሰሊጥ ከታጨደ በኋላ ነዶው እርስ በርሱ ተደጋግፎ ይቆማል፤ ክምሩን ሂላ ይሉታል። እንደ ቆመ ሲደርቅ ፍሬው ራሱ አፉን ይከፍታል። ያኔ ዝናብ ከነካው ይረግፋል፣ የቀረውም ይጠቁራል። ስለዚህ በጥቅምት የቆላ ገበሬ ዓይኑ ከሰማይ አይነቀልም፤ ደመና ያየ እንደሆነ ሸራውን ይዞ ወደ ሂላው ይሮጣል።

ሐሳቡን ያመጣው ኢሳ ይሁን ጋሽ ደሞዝ፣ አሁን እሳቸውም አያስታውሱትም። ሸራ ላያለብሱ ተማማሉ። ጋሽ ደሞዝ በኢሳ ሂላ ላይ ይጸልያሉ፣ ኢሳ በጋሽ ደሞዝ ሂላ ላይ ዱዓ ያደርጋል። ሰው ለራሱ ሲለምን ልቡ ይከፈላል፣ በጎን ሸራ ያዘጋጃል፤ ለባልንጀራው የለመነ ግን ንጹሕ ነው ተባባሉ። መጂዳ ስትሰማ እጇን አጨበጨበች። «ሁለታችሁም አብዳችኋል! ፈጣሪን እንደ ሱቅ ሚዛን ልትፈትሹት ነው?» አለች።

ዝናቡ አንድ ከሰዓት በኋላ ከቋራ በኩል ተነሳ። መጀመሪያ አቧራ ሆኖ መጣ፣ ከዚያ ጠቆረ። መጂዳ ሁለቱን ሸራ ተሸክማ እየሮጠች ማሳው ደረሰች፤ ከወዲህም ከወዲያም «መልሺው!» አሏት። ጋሽ ደሞዝ በኢሳ ሂላ ሥር እጃቸውን ዘርግተው ቆመዋል። ኢሳ ከወንዙ ባሻገር በጋሽ ደሞዝ ሂላ አጠገብ ተንበርክኳል። ዝናቡ መጣና ኢሳን አጠበው። ከነጀለቢያው፣ ከነጋሽ ደሞዝ ሰሊጥ አጠበው። ጋሽ ደሞዝ የቆሙበት አፈር ግን አቧራው እንደ ቦነነ ቀረ።

«የቆላ የጥቅምት ዝናብ እኮ እንዲህ ነው፣ ጋሼ» አለ አለምሰገድ፣ መምህርነቱ አሸንፎት። «አንዱ ማሳ ላይ ወርዶ አጠገቡ ያለውን ሳይነካ ያልፋል። የደመናው ጠባይ ነው።»

«ኢሳም ያለኝ ይህንኑ ነው» አሉ ጋሽ ደሞዝ። «ውኃው ከጢሙ እየተንጠባጠበ ወንዙን ተሻገረና ‹ደመና ነው፣ ያ ዞል› አለኝ። ‹ግን የሰሊጤ እኩሌታ ያንተ ነው› አለኝ።»

የጋሽ ደሞዝ ሰሊጥ እንዳለ ሄዷል። የዓመቱ ልፋታቸው ጭቃ ሆኗል። እሳቸው ግን ደስታቸው ወደር አልነበረውም። ጸሎታቸው ተሰምቷል፣ ያውም በምስክር ፊት! ለቤተ ክርስቲያኑ ደጀ ሰላም ነገሩ፣ ለገበያው ነገሩ፣ ለአጫጁ ሁሉ ነገሩ። አጫጆቹ ደግሞ ኢሳን ባዩት ቁጥር «ሐጂ፣ እባክህ ለኛም ዱዓ አድርግልን፣ የሚጠጣ ውኃ አጥተናል!» እያሉ ይስቁበት ጀመር። ኢሳ አብሮ ይስቅ ነበር። ጋሽ ደሞዝ ሳቁ ከአንገት በላይ መሆኑን ያዩት ቆይተው ነው።

ኢሳ የተወቃውን ሰሊጥ እኩሌታ በጋሪ ጭኖ በራቸው አመጣው።

«መልሰው» አሉት።

«ምን ሆንክ አንተ ሰውዬ? ምን ልትበላ ነው?»

«ማስረጃዬን ልታበላኝ ነው እንዴ? ይህን ከወሰድኩ ‹ደመና ነበር፣ እኔም ካስኩት› ትላለህ። አልወስድም።»

«ያ ዞል፣ እኔ ያመጣሁት ሰሊጥ ነው። ክርክር አላመጣሁም።»

«መልሰው አልኩህ።»

ጋሪው ተመለሰ። ከዚያ ወዲያ ጋሽ ደሞዝ በሱቁ ደጃፍ ማለፍ ተዉ፤ የጨው ጆንያው ላይ የሚቀመጥ ጠፋ። መጂዳ አንድ ሁለቴ ላከችባቸው፣ አልሄዱም።

ሱዳን በዚያን ጊዜ እሳት ውስጥ ናት። ካርቱም ከነደደ ጀምሮ የውቢት ወሬ ጠፍቷል። ጋሽ ደሞዝ ይህን ለማንም አያወሩም፤ ኢሳ ግን ያውቃል። በኅዳር ማለቂያ አንድ የገዳሪፍ ነጋዴ ለኢሳ ወሬ አመጣለት። ልጅቱ ከካርቱም ሸሽታ መደኒ ከተማ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ከተፈናቃይ ጋር ተጠልላለች፣ መውጫ አጥታለች። ኢሳ በማግስቱ ማለዳ የጋሽ ደሞዝን በር አንኳኳ። ውስጥ አልገባም፣ ቆሞ ነው የነገራቸው።

«ሰሊጤን አልቀበልም ብለሃል። ልጅህን ባመጣልህስ? እሷንም ‹ማስረጃ ናት› ብለህ ትመልሳታለህ?»

«ኢሳ፣ መንገዱ እኮ ጦርነት ነው» አሉ ጋሽ ደሞዝ።

«ዐረብኛ እችላለሁ፣ መንገዱን አውቃለሁ። አንተ ጸልይልኝ» አለ፤ የድሮው ሳቁ ለአንድ አፍታ ፊቱ ላይ መጣ። «ያንተ ይሰማል ብለህ አገሩን ረብሸህ የለ!»

ያን ጠዋት በዚህ ድልድይ ተሻገረ።

አለምሰገድ ሻይ ቀጂዋን አያት። እሷም እንዳያት አወቀች። ብርጭቆውን ማጠቧን ሳታቋርጥ «አዎ፣ ውቢት እኔ ነኝ» አለች።

ቀጥላ የነገረችው አጭር ነው። ኢሳ መደኒ ደርሶ ሲያገኛት ከተማዋ ልትወድቅ ነበር፣ ሰው ሁሉ ወደ ምሥራቅ ይጎርፋል። አንድ የጭነት መኪና አገኙ። ሾፌሩ «ለአንድ ሰው ቦታ አለኝ» አለ። ኢሳ ጥቂት ተከራከረው፣ ከዚያ ብብቷን ይዞ አንስቶ ጫናት። መኪናው ሲንቀሳቀስ እየሮጠ አንድ ቃል አስያዛት። «ለአባትሽ እንዲህ በይው፦ ‹ይቺ ሰሊጥ አይደለችም፣ ብትመልሳት እሺ አትልህም›። እኔ በሚቀጥለው መኪና እመጣለሁ።»

«ይህችን ቃል መንገዱን ሙሉ በልቤ ስደግማት መጣሁ» አለች ውቢት። «ቦምቡንም፣ ኬላውንም ረስቼዋለሁ፤ ይህችን አልረሳሁም። አባዬ ድልድዩ ላይ አገኘኝ። አቀፈኝና ገና ስሜን ሳይጠራ ‹ኢሳስ?› አለኝ።» እጇን በጨርቅ አደረቀች። «ዳሱን እዚህ የተከልነው ሻይ ለመሸጥ ብለን እንዳይመስልህ፣ መምህር።»

ከዚያ ወዲህ ጋሽ ደሞዝ ከድልድዩ አልራቁም። ስልኩ እንደሆነ ኔትወርክ የሚኖርበት ቀን ይቆጠራል። ስለዚህ የሚሻገረውን ሾፌር ሁሉ ይጠይቃሉ፣ የሰሙትን ወደ ኮኪት በሚሄድ ሰው ለመጂዳ ይልኩላታል። አንዱ ሾፌር «ገዳሪፍ ገበያ ላይ አይቼዋለሁ፣ ከስቷል» አለ። ሌላው «መደኒ ላይ ታጣቂዎች ከወሰዷቸው ሰዎች መሃል አንድ የኮኪት ሐበሻ ነበር» አለ። ሦስተኛው «ስንጃ መጠለያ በኮሌራ ሞቶ አብረውት የሚሰግዱ ሰዎች ቀብረውታል» ብሎ ማለላቸው። አራተኛው ደግሞ ሳቀና «ምን ሞተ ትላላችሁ፣ ከሰላ ሽንኩርት ይነግዳል!» አለ።

«አራት ሆኑ» አሉ ጋሽ ደሞዝ። አራቱን ጣታቸውን ዘርግተው ለአለምሰገድ አሳዩት። «አየህ? አራት ሰው አንድ ሰው አይቶ አራት ዓይነት አወራኝ። አልተማከሩም፣ አይተዋወቁምም። እኔ ለኢሳ ‹ያልተማከረ ምስክር ይታመናል› ስለው ነበር። አሁን የትኛውን ልመን? የገዳሪፉን ልመን? የመቃብሩን ልመን? ኢሳ እዚህ ቢኖር ‹ይኸው፣ ያሳደርኩትን አመጣሁልህ› ብሎ ይስቅብኝ ነበር።»

አለምሰገድ መቀመጫውን ወደ እሳቸው አስጠጋ።

በዚህ መሃል ከማዶ አንድ መኪና መጣ። ጋሽ ደሞዝ ዱላቸውን አንስተው እየተጣደፉ ሄዱ። ሾፌሩ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ሲሰማቸው፣ ጋሽ ደሞዝ በእጃቸው የኢሳን ቁመት፣ የኢሳን ጢም ሲለኩለት ከዳሱ ይታያል። ሾፌሩ ራሱን ነቀነቀ። እሳቸው መኪናው ካለፈ በኋላም ትንሽ ቆዩ፣ ከዚያ ቀስ ብለው ተመለሱ።

«አያውቀውም» አሉ።

«ጋሼ» አለ አለምሰገድ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አሁንም ይጸልያሉ?»

«እጸልያለሁ እንጂ። ምን ብዬ እንደሆነ ግን ለደብሩ ቄስ እንኳ አልነገርኩም።» ወደ ውቢት አዩ፤ እሷ ከሰሉን እያራገበች ነበር። «ልጄ መጥታልኛለች። ለሷም ለምኜ ነበር፣ እሷ መጣች። ይህን ጸሎቴ ተሰማ ብዬ ልዘምርበት ወይ? መኪናው ላይ ቦታውን የለቀቀላት ኢሳ ነው። ሌሊት ስነሳ የሚመጣብኝ ያ ዝናብ ነው። ወንዙን ተሻግሮ በኢሳ ሰሊጥ ላይ ቢወርድ ምን ነበረበት? እኔ እሸነፍ ነበር። ገበያው ይስቅብኝ ነበር። የሱን ጭቃ የነካ ሰሊጥ አብረን እናበጥር ነበር። እሱም ዛሬ ጨው ጆንያው ላይ ተቀምጦ ‹አንተ የኔታ› ይለኝ ነበር። እኔ አሁን የምለምነው ክርክሩን እንድሸነፍ ነው፣ ልጄ። እሱ ይምጣና ሁሉንም ይርታኝ።»

ከመኪኖቹ በኩል ጥሩምባ ተነፋ። መንገዱ ተከፍቷል፣ ረዳቶቹ «ኮኪት! ሸኸዲ!» እያሉ ይጣራሉ። አለምሰገድ ተነሳ። ጋሽ ደሞዝም ተነስተው ክንዱን ያዙት፤ የያዙበት ጥንካሬ ከአንድ ሽማግሌ የሚጠበቅ አልነበረም።

«መጂዳ ዘንድ ዛሬውኑ ግባ። ጁምዓ ሳይደርስ፣ ወንድሞቿ ባሉበት ንገራት።»

«ምን ልበላት፣ ጋሼ? የመቃብሩን ነገር ሰምታለች?»

«አራቱንም ልኬላታለሁ፣ አንዱንም አልደበቅኳትም። አንተ የዛሬውን ብቻ ንገራት» አሉ። እስከ አይሱዙው ድረስ ክንዱን ሳይለቁ ሸኙት። እሱ ጋቢና ገብቶ በሩ ከተዘጋ በኋላም መስኮቱን ይዘው ቆሙ። መኪናው መንቀሳቀስ ሲጀምር አብረው ጥቂት ተራመዱ።

«‹ዛሬ አልመጣም› በላት። ኢሳ ‹ገልባጭ ቃል ይጥላል› ይለኝ ነበር፤ አንተ እንዳትጥልብኝ፣ ልጄ። ‹ዛሬ› የምትለዋን አደራ።»